ከአርብ እስከ እሑድ፦ በአሜሪካ የአንድ ተጋባዥ ተመራማሪ ቤተሰብ የጤና መድን ጉዳይ

በመስከረም 2016 ዓ.ም. አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለአንድ ዓመት ምርምር ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ሄዱ። አብረዋቸው ባለቤታቸውና የአምስት ዓመት ሴት ልጃቸው ነበሩ። የኑሯቸውን ወጪ የሚሸፍነው በወር 3,200 ዶላር የሚከፍል ስኮላርሺፕ ሲሆን፣ የመምህሩ የጤና መድን በዚያው ውስጥ ተካቷል፤ የባለቤታቸውና የልጃቸው ግን አልተካተተም። በዚያው ዓመት ጥር ወር ባለቤታቸው ታመው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ የመጣውም ሒሳብ ከ41,000 ዶላር በላይ ነበር። ለእሳቸው የተገዛው ኢንሹራንስ ከዚህ ውስጥ አንድም ዶላር አልከፈለም። እኔ በዚያን ጊዜ በተመሳሳይ ቪዛ እዚያው አካባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዙን ተሻግሮ በሚገኘው የቨርጂኒያ ክፍል፣ እሠራ ስለነበር ወረቀቶቹን ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር አንድ በአንድ አንብቤአቸዋለሁ። የእነሱን፣ የሆስፒታሉንና የኩባንያውን ስም ሳልጠቅስ ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ተጋባዥ ተመራማሪዎች በአብዛኛው ወደ አሜሪካ የሚገቡት ጄ-1 በሚባለው ቪዛ ነው፤ የትዳር ጓደኛና ልጆች ደግሞ ጄ-2 ይሰጣቸዋል። የዚህ ቪዛ ደንብ ኢንሹራንስን ለሰው ፈቃድ አይተወውም። ከግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው መጠን መሠረት፣ ውሉ ለእያንዳንዱ አደጋ ወይም ሕመም ቢያንስ 100,000 ዶላር መሸፈን፣ ሞት ቢደርስ አስከሬን ወደ አገር ለመመለስ 25,000 ዶላር፣ ታማሚን ወደ አገሩ ለማጓጓዝ 50,000 ዶላር መያዝ አለበት፤ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከኪሱ የሚያወጣው፣ ዲደክተብል የሚባለው ገንዘብም ለአንድ ሕመም ከ500 ዶላር መብለጥ የለበትም። ግዴታው የጄ-2 ቤተሰብንም ይጨምራል። ሆን ብሎ መድን ሳይገባ የቀረ ሰው ፕሮግራሙ ይቋረጥበታል።

እነዚህ አራት ቁጥሮች በጋባዡ ዩኒቨርሲቲ ቅጽ ላይ በአራት መስመር ተጽፈው ነበር። መምህሩ የገዙትን ውል ቁጥሮች ከቅጹ ጋር አመሳክረው፣ አራቱም ስለሞሉ ፈርመው አስረከቡ፤ የቢሮው ሠራተኛም ያየችው እነዚያኑ አራት መስመሮች ነው። ነገር ግን ያው ደንብ ሌላም ነገር ይፈቅዳል። ኢንሹራንሱ ከሽፋኑ ወጪ እስከ 25 በመቶ የሚደርሰውን ታካሚው እንዲጋራ ማድረግ ይችላል፤ ከጉዞው በፊት ለነበረ ሕመምም በሙያው ልማድ ተገቢ የሆነ የመጠበቂያ ጊዜ ማስቀመጥ ይችላል። ይህ ሁለተኛው ፈቃድ ቅጹ ላይ አልነበረም፤ የዚህ ቤተሰብ ጉዳይ በሙሉ የተንጠለጠለው ግን እሱ ላይ ነው። ደንቡ ኢንሹራንሱ እስከ ስንት እንደሚከፍል ይወስናል እንጂ ለምን ለምን እንደሚከፍል የሚወስነው የኩባንያው ውል ነው።

መምህሩ ውሉን ሲመርጡ በፊታቸው የነበሩት አማራጮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ጋባዡ ዩኒቨርሲቲ ለተመራማሪ ቤተሰቦች ያዘጋጀው የቡድን መድን ሲሆን፣ ለቀድሞ ሕመም ገደብ አልነበረውም፤ ለባለቤትና ለአንድ ልጅ ግን በወር ከ650 ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበር። ሁለተኛው በመንግሥት የመድን ገበያ በኩል የሚገዛው ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚህ ገበያ የሚሸጥ ውል ቀደም ሲል የነበረ ሕመምን ምክንያት አድርጎ መከልከል ወይም ዋጋ መጨመር አይችልም። በሕጋዊ ቪዛ የገባ ሰውም ከገባበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ መመዝገብ ይችላል። ችግሩ ዋጋው ነው፤ መንግሥት ከዋጋው ላይ የሚሰጠውን ድጎማ ለማግኘት ባልና ሚስት ግብራቸውን በጋራ ማሳወቅ ሲኖርባቸው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያሉ የጄ-1 ተመራማሪዎች በግብር ሕግ እንደ ነዋሪ ስለማይቆጠሩ ይህን ማድረግ አይችሉም፣ ስለዚህ ሙሉውን ዋጋ ይከፍላሉ። ይህን አማራጭ መምህሩ ጨርሶ አልሰሙትም ነበር፤ የነገራቸው ሰውም አልነበረም። ሦስተኛው ለጄ ቪዛ ባለቤቶች ተብሎ በኢንተርኔት የሚሸጠው የጉዞ ዓይነት መድን ሲሆን፣ ለሁለቱም በወር 97 ዶላር ነበር።

መምህሩ የመረጡት ሦስተኛውን ነው። ከስኮላርሺፑ 1,750 ዶላሩ ለአንድ መኝታ ቤት ምድር ቤት ኪራይ ይሄዳል፤ በቀረው ላይ ምግቡ፣ መጓጓዣውና የልጅቱ ክረምት ልብስ አለ። ከዚህ ላይ 650 ዶላር ማውጣት ለእሳቸው የሚታሰብ አልነበረም፤ እኔም በዚያ ደመወዝ በእሳቸው ቦታ ብሆን ኖሮ ውሉን ሳላነብ ሌላ ነገር እመርጥ ነበር ማለት አልችልም። በአገራችን ኢንሹራንስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የመኪናውን ነው፤ ዓረቦን ይከፈላል፣ ወረቀቱ መስታወት ላይ ይለጠፋል፣ ትራፊክ ሲጠይቅ ይታያል። የጤና መድኑም ቪዛ ሲጠይቅ የሚታይ ወረቀት ሆኖ ነው የተገዛው።

ውሉ ሠላሳ ስምንት ገጽ ነው። በአሥራ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ውሉ ከመጀመሩ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ ምልክቱ የታየ፣ የተመረመረ ወይም የታከመ ማንኛውም ሕመም ለመጀመሪያዎቹ 12 ወራት አይሸፈንም ይላል። ተመራማሪው የሚቆዩት 12 ወር ስለሆነ፣ መጠበቂያው የሚያልቀው ወደ አገር በሚመለሱበት ሳምንት ነው። በአሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ግን አንድ በር ተከፍቷል፤ የቀድሞ ሕመም በድንገት ቢያገረሽና ታካሚው ከጀመረበት ሰዓት አንሥቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ቤት ከደረሰ እስከ 50,000 ዶላር ይከፈላል። የሁለቱን ገጾች ርቀት ልብ ይሏል። ከልካዩን አንቀጽ ያነበበ ሰው እንኳ ፈቃጁን ሳያገኘው ሊቀር ይችላል።

የመምህሩ ባለቤት ከጉዞው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ውስጥ በአልትራሳውንድ ታይተው የሐሞት ጠጠር እንዳለባቸው ተነግሯቸው ነበር። ሐኪሙ ቅባት እንዲቀንሱ መክሮ፣ ካስቸገራቸው እንዲመለሱ ነግሯቸው ሸኛቸው፤ አላስቸገራቸውምና ረሱት።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አርብ ማታ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንታቸው ሥር ሕመም ጀመራቸው። ጨጓራ ነው አሉ። ከአገር ቤት ይዘውት የመጡትን ተልባ በጥብጠው ጠጡና ተኙ። ቅዳሜ ሕመሙ ሄድ መለስ እያለ ዋለ። ባልየው ሐኪም ቤት እንሂድ ሲሉ፣ እሳቸው የጎረቤት ሴት ልጇን ለትኩሳት ድንገተኛ ክፍል ወስዳ የመጣባትን ሒሳብ አስታውሰው “እስኪ ሰኞ ይድረስ፤ ኢንሹራንሱን ደውለህ ጠይቅና እንሄዳለን” አሉ። እሑድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ግን ማስመለስና ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት መጣ፤ ቀጥ ብለው መቆም አልቻሉም። ልጅቱን ለጎረቤት ሰጥተው በታክሲ ሄዱ። አምቡላንስ አልጠሩም፤ ይህም ከወጪ አንጻር ትክክል ነበር፣ ምክንያቱም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል የሌላቸው ሐኪሞች ከሚልኩት ያልታሰበ ሒሳብ የሚከላከለው፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ሕግ የመንገድ አምቡላንስን አያካትትም። ቢያካትትም ኖሮ እንዲህ ያለ የጉዞ መድን በዚያ ሕግ ጥላ ሥር አይገባም።

ድንገተኛ ክፍሉ ስለ ገንዘብ ሳይጠይቅ ተቀበላቸው። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው መክፈል ቻለም አልቻለም መመርመርና ከአደጋ ማውጣት ግዴታቸው ነው። ስለዚህ ባለቤታቸው አርብ ማታም ቢሄዱ ማንም አይመልሳቸውም ነበር። ያስቀራቸው ፍርሃት የኖረው ከበሩ ውጭ ነው።

በመጀመሪያው ምርመራ ላይ ነርሷ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ ጠየቀች። ባለቤታቸው በአማርኛ “ከአርብ ጀምሮ ያመኛል፤ እንዲህ የጠናብኝ ግን ዛሬ ሌሊት ነው” አሉ። ባልየው ደንግጠው ስለነበር የተረጎሙት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ነርሷም “ሁለት ቀን” ብላ መዘገበች። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ ብቁ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ በዚያ አካባቢ የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ለማግኘት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ጠያቂ አልነበረም፤ ባል እንግሊዝኛ ስለሚችሉ ሆስፒታሉም አላቀረበም። ቀጥሎ ሐኪሙ ቀድሞ የሚያውቁት ሕመም እንዳለ ሲጠይቃቸው፣ ባለቤታቸው የአዲስ አበባውን አልትራሳውንድ ነገሩት። ይህን መናገራቸው ትክክል ነበር፤ ለሐኪም ታሪክን መደበቅ ሕይወትን ያስከፍላል፣ በኋላ ሲደረስበት ደግሞ ውሉን በሙሉ ሊያፈርስ ይችላል።

የሐሞት ከረጢታቸው ተቆጥቶ ነበር። ሰኞ ዕለት በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚከናወነው ቀዶ ሕክምና ከረጢቱ ወጣ፤ ረቡዕ ወደ ቤት ተመለሱ። ሕክምናው መልካም ነበር፤ ስለ ሐኪሞቹ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ የሚናገረው በምስጋና ነው።

ሒሳቡ ግን በአንድ ፖስታ አልመጣም። የሆስፒታሉ 34,180 ዶላር፣ የቀዶ ሐኪሙ 4,600፣ የማደንዘዣ ሐኪሙ 1,940፣ የራጅና የአልትራሳውንድ አንባቢው 410 ዶላር ሆኖ፣ ከአራት የተለያዩ ቢሮዎች በተለያየ ሳምንት ደረሰ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ያከሙ ሰዎች የየራሳቸው ድርጅት አላቸው። የኢንሹራንሱ መልስ የመጣው በሰባተኛው ሳምንት ነው። የአዲስ አበባው ምርመራ በ36 ወራት ውስጥ ስለሆነ ሕመሙ ቀደም ብሎ የነበረ ነው፤ በድንገት የማገርሸቱ አንቀጽም አይመለከታቸውም፣ ምክንያቱም በመዝገቡ ላይ “ሁለት ቀን” ተብሏል፤ 24 ሰዓት አልፏል።

እኔ ወደ ጉዳዩ የገባሁት በዚህ ጊዜ ነው። ሁለት ቅዳሜ በቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶቹን ዘርግተን ተቀመጥን። ባለቤታቸው ቡና እያፈሉ ደጋግመው የሚሉት “ሰኞ ይድረስ ያልኩት እኔ ነኝ” የሚለውን ነበር፤ ይህን መስማት ከሒሳቡ በላይ ከብዶኛል። ይግባኙን የጻፍነው በአንድ ነጥብ ላይ ተመሥርተን ነው፦ አርብ የነበረው ቀለል ያለ ሕመም ነው፣ በውሉ ቋንቋ “ድንገተኛ ማገርሸት” የሚባለው ትኩሳቱና ማስመለሱ የመጣበት የእሑድ ሌሊት ነው፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ታማሚዋ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሐኪም ፊት ቀርበዋል። ቀዶ ሐኪሙ ይህን የሚደግፍ አጭር ደብዳቤ ጻፈ። ኩባንያው ከስድስት ሳምንት በኋላ መልሶ ውድቅ አደረገው። የመጀመሪያው የነርስ መዝገብ ሕመምተኛዋ በገቡበት ሰዓት የተጻፈ ስለሆነ፣ ከኋላ ከመጣ ደብዳቤ በላይ እንደሚታመን ገለጸ። መልሱ ከባድ ቢሆንም በውሉ ቃል ላይ የቆመ ነው፤ እኔ የምቃወመው መልሱን ሳይሆን፣ ለአሥራ ሁለት ወር ቆይታ የአሥራ ሁለት ወር መጠበቂያ ያለው ውል ለጄ ቪዛ ተስማሚ ተብሎ መሸጡን ነው።

መውጫውን ያሳየችን በሰንበት በቤተ ክርስቲያን ያገኘናት ኢትዮጵያዊት ነርስ ናት። ባለቤታቸው ሒሳቡን በየወሩ እየቆራረጡ መክፈል ሊጀምሩ እንደሆነ ሲነግሯት፣ “እኅቴ፣ ይኼን ሒሳብ ዝም ብለሽ መክፈል እንዳትጀምሪ፤ መጀመሪያ የድጋፍ ማመልከቻ ስጡኝ በይ” አለቻቸው። በአሜሪካ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ከግብር ነፃ የሚሆኑት በሁኔታ ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የጤና ሕግ በተጨመረው የግብር ድንጋጌ መሠረት፣ መክፈል ለማይችሉ ታካሚዎች በጽሑፍ የወጣ የገንዘብ ድጋፍ መመሪያ ሊኖራቸው ይገባል። ታካሚው ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ሒሳብ ከተላከበት ቀን አንሥቶ 240 ቀን ማመልከት ይችላል፤ ሆስፒታሉም በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ፍርድ ቤት መሄድን ወይም የብድር ታሪክን ማበላሸትን የመሰለ ከባድ የማስከፈያ እርምጃ መውሰድ አይችልም። የመጀመሪያው ሒሳብ ከመጣ ገና መቶ ቀን አልሞላም ነበር።

ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልተቋቋመ ነበር። መመሪያው በድረ ገጹ ግርጌ ላይ ተቀምጧል፤ ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት ወለል ሁለት እጥፍ በታች ለሆነ የአካባቢው ነዋሪዎች ሙሉ በሙሉ ይሰርዛል ይላል። በ2024 እ.ኤ.አ. ለሦስት ሰው ቤተሰብ የድህነት ወለሉ 25,820 ዶላር ስለነበር እጥፉ 51,640 ነው፤ የስኮላርሺፑ የዓመት ድምር 38,400 ዶላር ነበር። ያቀረብነው የስኮላርሺፑን ደብዳቤ፣ የሦስት ወር የባንክ መግለጫ፣ የኪራይ ውል፣ የቪዛውን ቅጽና የኢንሹራንሱን ውድቅ ማድረጊያ ደብዳቤ ነው። ይህ የመጨረሻው ወረቀት ያልጠበቅነውን ሥራ ሠራ፤ ሌላ ከፋይ አለመኖሩን የሚያረጋግጠው እሱ ነበርና። የሒሳቡንም ዝርዝር በየመስመሩ ጠየቅን፤ ሁለት ጊዜ የተቆጠረ የአልትራሳውንድ ምርመራ አገኘንበት፣ አረሙትም።

በአምስተኛው ሳምንት የሆስፒታሉ ሒሳብ ተሰረዘ። የቀዶ ሐኪሙ ድርጅት በሆስፒታሉ መመሪያ ውስጥ ከተዘረዘሩት ሐኪሞች ጋር ስለነበረ የእሱም ተሰረዘ። የማደንዘዣው ድርጅትና የራጅ አንባቢው ግን ከዝርዝሩ ውጭ ነበሩ። ማደንዘዣው ከብዙ ስልክ በኋላ ወደ 1,200 ዶላር ወርዶ በስድስት ወር እንዲከፈል ተስማሙ፤ የራጁ 410 ዶላር በሙሉ ተከፈለ። ከ41,130 ዶላር ውስጥ ቤተሰቡ ከኪሱ ያወጣው 1,610 ሆነ። ለትርፍ በተቋቋመ ሆስፒታል ቢታከሙ ኖሮ ይህ ድንጋጌ አይመለከታቸውም፤ በታክሲ የገቡበት በር የትኛው እንደሆነ በዚያ ሌሊት ማንም አላሰበውም።

ይህ ቤተሰብ ወደ ብሪታንያ ሄዶ ቢሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። በዚያ ከስድስት ወር ለሚበልጥ ቪዛ በማመልከቻው ጊዜ የጤና ክፍያ በቅድሚያ ይከፈላል፤ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓመት ለአዋቂ 1,035 ፓውንድ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅና ለተማሪ 776 ፓውንድ ነው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስለሚጠየቅ ከአዲስ አበባ ለሚያመለክት ቤተሰብ ከባድ ነው፤ ከተከፈለ በኋላ ግን የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት የሐሞት ጠጠሩ መቼ እንደታየ አይጠይቅም። በጀርመን ደግሞ ስኮላርሺፕ ደመወዝ ስላልሆነ ባለ ስኮላርሺፑ እንደ ተቀጣሪ በቀጥታ ወደ ሕዝባዊው መድን አይገባም፤ ብዙዎች የሚገዙት የግል ውል ልክ እንደዚህኛው የቀድሞ ሕመምንና እርግዝናን የሚመለከቱ ገደቦች ስላሉት፣ በዚያም አንቀጾቹን ማንበብ ግድ ነው። ፉልብራይት በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሚሄዱ ተመራማሪዎችም ቢሆኑ የሚሰጣቸው የሕክምና ሽፋን ለራሳቸው ብቻ ነው፤ አብሯቸው ለሚሄድ ቤተሰብ መድኑን የሚገዙት እነሱ ናቸው።

እኔ እስካየሁት ድረስ፣ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች መምህር ሲልኩ ስለ ትምህርት ፈቃዱ ውል፣ ስለ ዋሱና ስለ መመለሻው ቀን በጥንቃቄ ይጠይቃሉ፤ አብሮ የሚሄደው ቤተሰብ ምን መድን እንዳለው ግን አይጠይቁም። ስኮላርሺፕ ሰጪዎችም የቤተሰብን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ሊስተካከል የሚችለው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የቤተሰብ መድን ገንዘብ ሊለመን የሚችለው ስኮላርሺፑ ከመፈረሙ በፊት እንጂ ሕመሙ ከመጣ በኋላ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ከዚያው ክፍል ሌላ መምህር ለተመሳሳይ ቆይታ ሲመረጡ፣ ባለቤታቸው አስም ስላለባቸው ወደ እኛ መጡ። ሐሞታቸው የወጣላቸው ወይዘሮ የራሳቸውን አቃፊ አውጥተው ሰጧቸው፤ አሥራ አንደኛውና አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ በእርሳስ ተሰምሮባቸዋል። መምህሩ ለስኮላርሺፕ ሰጪው የሁለቱን አማራጭ ዋጋና የ12 ወሩን መጠበቂያ ጠቅሰው አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በወር 400 ዶላር የቤተሰብ መድን ድጎማ ተፈቀደላቸው፤ የቀረውን ከራሳቸው ጨምረው የዩኒቨርሲቲውን የቡድን መድን ገዙ።